ሳይጠየቅ የታረቁለት ሰው፦ ማርቆስ ላይ ስለሚሆን የበቀል ፊልም ሐሳብ ስጡኝ

የመንቆረሩ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሆን የፊልም ድርሰት እየጻፍኩ ነው። ግማሹን አልፌዋለሁ፣ መጨረሻው ግን አልሄድ ብሎኛል። እዚህ ቤት ፊልም የምትሠሩም፣ ሕግ የምታውቁም፣ አካል ጉዳት ያለባችሁም ስላላችሁ ታሪኩን ልዘርግፈው። ሳትሳሱ ንገሩኝ።

ልጁ ሠላሳ አልሞላውም። ብየዳ ቤት ነው የሚሠራው። አንድ ማታ ከታናሽ እህቱ ጋር በባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ አይሱዙ ይገጫቸዋል። እህቱ እዚያው ታርፋለች። እሱ ሆስፒታል ይገባና ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ ይቆረጣል። እኛ አገር ደግሞ አልጋ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። «ባሕር ዳር ወስደዋታል፣ እየተሻላት ነው» ይሉታል። ቀብሯ ያልፋል። ሰልስቱ ያልፋል። አርባዋም ይወጣል። ከሆስፒታል ወጥቶ ትንሽ ካደረ በኋላ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ይነግሩታል። እሱ ማልቀስ ሲጀምር ቤተሰቡ አልቅሶ ጨርሷል።

ፊልሙ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሊያጽናናው የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ለእግሩ ነው። «ይህን የመሰለ ጎበዝ!» ይላል፣ ከንፈሩን ይመጣል። የእህቱን ስም የሚያነሳለት የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል። እሱ ተኝቶ ሳለ ሽማግሌ ገብቷል። ሹፌሩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቋል፣ አጎቱ ካሳ ተቀብሏል፣ በቄስ ፊት ተምሏል። ደሙ ደርቋል። «አንተማ ታመህ ነበር» ይሉታል። እውነቱ ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊያበርዱ የሄዱት የአጎቱን ልጅ ነው፣ መሣሪያ ያለውና በሁለት እግሩ የሚሄደው እሱ ስለሆነ። እግር የሌለው ሰው ይበቀላል ብሎ የሰጋ የለም። ስለዚህ እሱን የለመነውም የለም።

ለበቀል የሚነሳው ያኔ ነው። ያ አይሱዙ ሻንሲው ተሰንጥቆ እሱ ወደሚሠራበት ብየዳ ቤት ይመጣል። ይዞት የመጣው ረዳቱ ነው፣ ማን እንደሚበይደው አያውቅም። ልጁ ከላይ አሳምሮ ከውስጥ ሳይዝ ሊበይደው ይችላል። መኪናው በማግስቱ ጭነት ይዞ ዓባይ በረሃን ይወርዳል።

እስከዚህ ጽፌያለሁ። እንዲያ አድርጎ ይበይደው ወይስ ይተወው?

ጣና ዳር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ወንድም ዓለም፣ ታሪኩ ገብቶኛል፣ መርዶው በተለይ። ቦታው ላይ ግን አልስማማም። ባሕር ዳር አድርገው። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ባለ ብስክሌቱም ባለ ዊልቸሩም ይሄድበታል። ዘንባባው አለ፣ ጣና አለ፣ በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ። 380 ሜትር ርዝመት፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ካሜራ የሚወደው ነገር ነው። የከተማ ድራማ ከሆነ ከተማ ይታይበት እንጂ። ማርቆስ ላይ ምን ልታሳየን ነው?

ሞጣ ቀራንዮ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

ጣና ዳር፣ ሜዳ መሆኑ ነው እኮ የማይሆነው። ይህን ልጅ ከተማው ሊከብደው ይገባል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ብርዳም ከተማ ነው። ዳገት አለው፣ ኮብልስቶን አለው፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡና ጭቃው አይጣል ነው። ከገበያ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ብቻውን አንድ ትዕይንት ይወጣዋል።

ሌላም አለ። ባሕር ዳር ትልቅ ነው፣ ሰው ከሰው መራቅ ይችላል። ማርቆስ ላይ ግን ገዳይና የሟች ወንድም ገበያ ይገናኛሉ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ይተላለፋሉ፣ በዓል ሲሆን አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ምናልባትም አንድ እድር ናቸው። ሹፌሩ ለሰው ለቅሶ ድንኳን ሲተክል፣ ይህ ልጅ እዚያው ድንኳን ሥር ንፍሮ ይዞ ተቀምጧል። መሸሻ የሌለበት ከተማ ነው የሚያስፈልግህ። አትንካው፣ ማርቆስ ይሁን።

ባለ ክራንቹ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20)

የኔም ግራ እግሬ ከጉልበት በላይ የለም። ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ስል እንዲታዘንልኝ አይደለም፣ ከየት ሆኜ እንደምናገር እንድታውቁት ነው።

የመንቆረሩ፣ «ለእግሩ ያለቅሳሉ» ያልከው እውነት ነው። እኔ አደጋ ላይ የሞተብኝ ሰው የለም፣ ግን አባቴ ካረፈ በኋላ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሱሪዬ ላይ ነበር። አባቴን ማንም አላነሳልኝም። «አሁን ማን ይረዳሃል?» ነው ጥያቄው። የምረዳው እኔ ነበርኩ እኮ። ቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነበርኩ። ይህን አስገባው። አካል ጉዳተኛ ሰው ሐዘንተኛ መሆን አይፈቀድለትም፣ ሁልጊዜ የሚታዘንለት እሱ ነው።

መናኸሪያ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት እናት መጥተው እጄ ላይ ብር አኑረው ሄዱ። ንጹሕ ለብሼ፣ ቦርሳ ይዤ ነው። ክፋት የላቸውም፣ ምርቃታቸውም ከልብ ነበር። ያን ቀን ግን ቢሮ ገብቼ እጄ አልሠራልህ አለኝ። የአንተም ልጅ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ ትንሽ ቢቆም ሳንቲም ይወረወርለታል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ቢያልፍስ? እሱም ኪሱ ቢገባስ? ሳያውቀው፣ ቀና ብሎ ፊቱን እንኳ ሳያይ።

ስለ እግሩ ደግሞ በትክክል ጻፍ። ከጉልበት በታች የተቆረጠና ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው አንድ አይደለም። ጉልበት ካለህ ሰው ሠራሽ እግር አድርገህ ሱሪ ስትለብስ ሰው ላያውቅብህ ይችላል። ጉልበት ከሌለህ ቁልቁለት ጠላትህ ነው፣ ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ያስፈራል። የሌለው እግር ያማል። የሌለ ጣት ያሳክካል፣ ሌሊት ይብሳል። ሐኪሞች ያውቁታል፣ አንጎል እግሩን ገና እንዳለ ስለሚቆጥረው ነው። ልጁ ስለ እህቱ ሊያለቅስ ሲል ይህ ሕመም እየመጣ ይቆራርጠው። እኔን እንዲህ አድርጎኛል። አንዱን ሐዘን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሄድም፣ አንድ ላይ ነው የሚመጡብህ።

ባሕር ዳር የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ። እዚያ ለሰው ሠራሽ እግር ትለካለህ፣ ጄሶ ይወሰድልሃል፣ ፕላስቲኩ በልክህ ይቀረጻል፣ ከዚያ በሁለት ብረቶች መሐል እየያዝክ መራመድ ትማራለህ። የቀረው ጭንህ በወራት ውስጥ ይከሳል፣ እግሩ ይሰፋብሃል፣ ካልሲ ትደራርባለህ፣ እንደገና ትለካለህ። ከማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለመለካት ብቻ ያን መንገድ መመላለስ አለብህ። ጣና ዳር ባሕር ዳርን ካሜራ ይወደዋል ብሏል፣ ልክ ነው፣ ይኸው ምክንያት አገኘህ። ልጁ «እህትህ ባሕር ዳር ናት» ተብሎ ነበር አይደል? አሁን እውነት ባሕር ዳር ሲሄድ እሷ የለችም።

የመጨረሻው ልመናዬ። ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ ክፉው ሰው መጨረሻ ላይ ዊልቸር ላይ ይቀመጥና ሕዝቡ ያጨበጭባል። እኔ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነኝ። የኔ ኑሮ የእሱ ቅጣት ሆኖ ይጨበጨብለታል። ወይም ደጉ ሰው መጨረሻ ላይ ክራንቹን ጥሎ ይሮጣል። እኔ ጸበል እጠመቃለሁ፣ እምነቱን አልነካም፣ ግን ፊልም እኔን ማየት የሚፈልገው ስቀጣ ወይም ስድን ብቻ መሆን የለበትም። ሹፌሩን እግር አታሳጣው። ልጁንም አታድነው። እባክህ ደግሞ እግር የሌለው ሰው አጫውት።

ዘፍኖተ ሰላም (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30)

ከሕጉ ወገን ልጨምር።

አንደኛ ነገር፣ ደሙ ደረቀ ማለት ክሱ ቀረ ማለት አይደለም። በመኪና ሰው ሲሞት ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ቤተሰብ ስለታረቀ ብቻ አይዘጋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። ሹፌር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ንዑስ አንቀጽ 2 ነው፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ግልጽ ደንብ ተላልፎ ከሆነ ንዑስ አንቀጽ 3 ይመጣና ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። እርቁ ለሹፌሩ የሚጠቅመው ቅጣት ሲቀልለት ነው። ስለዚህ ሹፌርህ በዋስ ወጥቶ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው አድርገው። የእርቅ ወረቀቱን ለፍርድ ቤት ይፈልገዋል። ያ ወረቀት ላይ የዚህ ልጅ ፊርማ የለም፣ ገባህ?

ሁለተኛው ካሳው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ለሕክምና፣ ለቀረ ገቢ፣ ለሰው ሠራሽ እግር ይጠየቃል። ለሐዘኑስ? ቁጥር 2116ን እዩት። ለሞራል ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. ሕጉ ሲወጣ የተጻፈ ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን ገንዘብ ነበር። ሰው ሲሰማው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ፣ ችሎት ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝና።

ሦስተኛው ብየዳው ነው። አስቦና አቅዶ ሻንሲ ሳይዝ በይዶ ሰው ቢሞት ያ ቸልተኝነት አይባልም። አንቀጽ 539 ነው፣ ከባድ የግድያ ወንጀል፣ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ሹፌሩ 5 ዓመት፣ ልጁ ዕድሜ ልክ። ይህን ሚዛን ተመልካቹ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

የመንቆረሩ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10)

ዘፍኖተ ሰላም፣ እግዜር ይስጥህ። 1,000 ብሩን አላውቀውም ነበር። አሁን ትዕይንቱ ታየኝ። ልጁ ጠበቃ ቢሮ ገብቶ እግሩ ስንት እንደሚያወጣ ይነገረዋል፣ በዝርዝር፣ በስሌት። ከዚያ «ለእህቴስ?» ይላል። ጠበቃው ሕጉን ገልጦ ያሳየዋል። ሰፈሩ ያደረገውን ሕጉም ደገመው ማለት ነው። እግሩ ተቆጠረ፣ ሐዘኑ አልተቆጠረም።

ባለ ክራንቹ፣ ያልከውን ሁሉ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ትዕይንት ገብቷል። ሹፌሩ ሳንቲም የሚሰጠውም።

የብቸናዋ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡00)

የመንቆረሩ ልጄ፣ ታሪክህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ የከፋኝ ነገር አለ። እህቱን አላየኋትም።

ሞተች፣ ተቀበረች፣ አርባዋ ወጣ። ሌላስ? ምን ትሠራ ነበር? ታጭታ ነበር? ከወንድሟ ጋር በምን ይኳረፉ ነበር? ያን ማታ በባጃጅ ከየት ነበር የሚመጡት? ወንዶች የበቀል ታሪክ ስትተርኩ ሟቿ ሴት ከሆነች ነገሯ ቶሎ ያልቅባችኋል። ገዳይና ደመኛ ብቻ ይቀራሉ። ሰፈሩ ረሳት ብለህ ሰፈሩን ትወቅሳለህ፣ አንተም እኮ ገና ስሟን አልነገርከንም።

እናቲቱስ የታለች? እኛ ጎጃም ለቅሶ ያለ ሴት አይደምቅም። አልቃሿ ናት የሟችን ዘር፣ ጠባይ፣ ሥራ እየቆጠረች የምታስለቅሰው። ይህ ልጅ ያን ሁሉ አልሰማም። እህቱ ምን ተብሎ እንደተለቀሰላት አያውቅም። እንግዲያ አልቃሿን ፈልጎ ይሂድ። ቤቷ ገብቶ «ያን ቀን ያልሽውን ንገሪኝ» ይበላት። እሷ እምቢ ትበለው፣ ለቅሶ በሌለበት ቤት ሙሾ ማውረድ ደግ አይደለም ትበለው። ይለምናት። ከዚያ በሩን ዘግታ ትንገረው። እንዲህ ያለ ነገር፦

«ባሕር ዳር ናት ብለው ሲሸነግሉት ወንድሟን፣
ማን ደፍሮ ይንገረው አፈር መልበሷን።»

አልቃሿ ያኔ ስለ እሱም አልቅሳለች ማለት ነው። አገሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፣ ተደብቆ የነበረው ከእሱ ብቻ ነው።

እኔ ይህን የምናገረው ስለማውቀው ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲያርፍ አራስ ነበርኩ፣ ደበቁኝ። ሲነግሩኝ ልጄ ክርስትና ተነስታ ነበር። ለኔ ብለው ነው ያደረጉት፣ ያንን አውቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ ለወንድሜ አልቅሼ የጠገብኩ አይመስለኝም። ሰው ለቅሶውን ከሰው ጋር ካላለቀሰው ይቀመጥበታል። የልጅህ ቁጣ ከዚያ የመጣ አድርገህ ጻፈው፣ እኔ አምንሃለሁ።

ደጀን በር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45)

ይግደለው።

ሁሉም ሰው ፊልም መጨረሻ ላይ ይቅርታና መተቃቀፍ ይፈልጋል። እኔ ታክቶኛል። እህቱ ሞተች፣ እግሩ ተቆረጠ፣ ዘመዶቹ ሳይጠይቁት ታረቁለት፣ አሁን ደግሞ ደራሲው ይቅር በል ብሎ ሊያስገድደው ነው? አራተኛ ሰው ሆኖ አፉን ሊይዘው?

ብየዳው ግን አይሆንም። ደጀን ነው ያደግኩት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወርደህ ትወጣለህ። የጫነ መኪና በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ፍሬን ሲግል ሽታው ራቅ ካለ ቦታ ይሸትሃል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የተሰበረ መኪና ብቻውን አይሄድም። ከፊቱ አውቶቡስ አለ። ጋቢና ውስጥ ረዳቱ አለ። ረዳት ማለት ደግሞ ከገጠር የመጣ፣ መኪና ሲቆም ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስቀምጥ ልጅ ነው። የእሱም እህት ቤት ትጠብቀዋለች።

ደግሞስ በስውር የገደለ ሰው ደም መለሰ ይባላል እንዴ? እኛ አገር ደም የሚመልስ ሰው ይታወቃል። ፊት ለፊት ነው፣ ከዚያ ጫካም ይግባ እጁንም ይስጥ ሰው ያውቀዋል። መኪናው ገደል ቢገባ ግን አገሩ ሁሉ «ፍሬን በጥሶበት ነው» ብሎ ያልፋል። ማንም ይህን ልጅ አይጠረጥረውም። ታዲያ ምኑን ተበቀለ? ፊት ለፊት ይሂድበት።

ባለ ክራንቹ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00)

ደጀን በር፣ በመግደሉ አንስማማም፣ ግን ትልቁን ነገር አነሳኸው።

የማይጠረጠረው ለምንድነው? እግር ስለሌለው ነው። ሽማግሌዎቹ ያልለመኑትም በዚያው ምክንያት ነው። ያ ብየዳ ቢሳካለት እንኳ ሰፈሩ ስለ እሱ ያሰበውን መልሶ ያጸናለታል። ሰው ገድሎም አይቆጠርም። የመንቆረሩ፣ ፊልምህ እዚህ ላይ ነው ያለው። ልጁ ይህን ብየዳ ቤት ውስጥ፣ መበየጃውን ይዞ፣ መነጽሩን አድርጎ ሊገባው ይገባል። ረዳቱ አጠገቡ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ያውራው። ስለ ሹፌሩም ያውራው፣ «ያ አደጋ ከደረሰ ወዲህ ማታ አይነዳም» ይበለው። እንዲያ እንዲያ እያለ ልጁን ማን እንደሆነ ሳያውቅ «አንተስ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ «እህቴ ሞታብኝ ነው» ይበል። «እግሬ ተቆርጦ» አይበል።

ካሜራ ያዥ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35)

ባለ ክራንቹ አሁን የጻፈው ትዕይንት ያለ አንድ ተጨማሪ ቃል ይቀረጽ ብል ደስ ይለኛል።

ከሥራው ወገን ጥቂት ነገር። እግር ያለው ተዋናይ እግሩን አጥፎ አስሮ ሲጫወት አይቻለሁ፣ ሰውነቱ ይዋሻል። ሚዛኑ የት እንዳለ አያውቅም፣ ሲቀመጥ ያስታውቃል። እግር የሌለው ሰው ፈልጎ ለወራት ማለማመድ ይሻላል። ተዋናይ ለማድረግ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ትወና ይለመዳል። የካሜራውን ከፍታ ደግሞ ከልጁ ጋር አንድ አድርጉት። ተቀምጦ ከሆነ ካሜራውም ይቀመጥ። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡት ሰዎች ቆመው ከላይ ሲያዩት ወገባቸውና እጃቸው ብቻ ይታይ፣ ፊት አይታይ። በፊልሙ ሙሉ ጎንበስ ብሎ ወይ ተቀምጦ ዓይን ለዓይን የሚያየው ሰው ጥቂት ይሁን፣ አልቃሿና ረዳቱ ይበቃሉ። ኮብልስቶን ላይ የክራንች ድምፅ ቀጥታ ይቀዳ፣ ስቱዲዮ ውስጥ አይሠራ።

ሌላው ማሳያው ነው። ስለ አካል ጉዳት ፊልም ሠርታችሁ በመወጣጫ ደረጃ ብቻ የሚገባበት አዳራሽ ውስጥ ልታሳዩት አትችሉም። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፣ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን ያጸደቀችው በ2002 ነው፣ እስካሁን ሰው በዘመድ ጀርባ ታዝሎ የሚገባበት ስንት አዳራሽና ስንት ቢሮ አለ። ከመቅረጻችሁ በፊት አዳራሹን ሄዳችሁ እዩት። ራምፕ ከሌለው ከእንጨት እናሠራለን፣ ብዙ ወጪ አይደለም።

የቢቡኝ ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50)

ልጽፍ ልተው እያልኩ ነበር።

እኔ ደም ውስጥ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እኔ ሳልወለድ የአባቴ ወገን የሆነ ሰው ሰው ገድሏል፣ ከዚያ የኛ ሰው ተገድሏል። ልጅ ሆነን ወደ ትምህርት ቤት የሚያቋርጠው መንገድ በእነሱ መንደር በኩል ስለነበር ዙሪያ ጥምጥም ነበር የምንሄደው። አባቴ ገበያ ብቻውን ወጥቶ አያውቅም። እናቴ ውሻ ሲጮህ መብራት ታጠፋ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ሲደርቅ ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ስለዚህ ሽማግሌ ሲሰደብ አልወድም። በዚያ ሽምግልና ነው ትምህርት ቤት በአቋራጭ መሄድ የጀመርኩት።

ደጀን በር፣ ወንድሜ፣ «ፊት ለፊት ይግደለው» ማለት ለመጻፍ ቀላል ነው። ከዚያስ? የሹፌሩ ወንድም ይነሳል። ማንን ይገድላል? እግር የሌለውን አይደለም፣ ያንን የአጎት ልጅ ነው። እኛ አገር ገዳዩ ሳይሆን ከወገኑ የተሻለው ነው የሚፈለገው። ይህን ደራሲው ካላሳየ ውሸት ነው።

ደግሞ ጊዜውን እዩት። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጎጃም ውስጥ ስንት ቤት ለቅሶ ገባ። ቀብሩ ላይ ያልደረሰ፣ መንገድ ተዘግቶበት መርዶ በስልክ የሰማ፣ አርባ ያላወጣ ስንት ሰው አለ። እጁን እግሩን ያጣውም ወጣት ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ይህን ፊልም ያዩታል። የሚያጨበጭቡለትን ነገር አስቡበት።

ደጀን በር (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

የቢቡኝ ልጅ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የአጎቱን ልጅ ነገር አላነሳሁትም፣ ልክ ነህ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። እሺ፣ አይግደለው። ይቅርታ ግን አይወጣኝም። በፊት ያልኩትን አልለቅም፦ ይህ ልጅ ተገዶ መታረቅ የለበትም።

የመንቆረሩ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

እንዲህ ብዬ ባሰበውስ። ልጁ ሻንሲውን በደንብ ይበይደዋል፣ ከዚህ በፊት ከበየደው ሁሉ አጥብቆ። ገንዘቡን አይቀበልም። ለረዳቱ «ለሹፌሩ የሟች ወንድም ነው የበየደው በለው» ይለዋል። መልእክቱ ያ ብቻ ነው። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ያቺን መኪና አስነስቶ መውረድ ይፈራል። ሻንሲው መያዝ አለመያዙን አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፈራው። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ ወደ እሱ ቤት የሚመጣው።

ባለ ክራንቹ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ይኸው! ይህ ነው። ማንንም ሳይነካ ተቆጠረ።

የብቸናዋ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30)

ጥሩ ነው ልጄ። ግን አንድ ነገር። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ሹፌሩ እንደገና ድንጋይ ተሸክሞ፣ «ይቅር በለን» ብለውት እሱ መልስ ሳይሰጥ ፊልሙን እንዳትጨርሰው። እንዲህ ያለ ነገር ይቀናችኋል። ሰዎች ይህን ያህል ከእሱ ጋር ተቀምጠው መልሱን መስማት ይገባቸዋል። ይመልስ።

ሞጣ ቀራንዮ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10)

ምን ብሎ ይመልስ ታዲያ? እኔ ብሆን «አልገድልህም፣ አልታረቅህምም» እለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን አይቀበሉም። እኛ ዘንድ ወይ ደመኛ ነህ ወይ ታርቀሃል፣ መሐል የለም። «ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም» ይሉታል። እሱም ይጸናል። የእርቅ ወረቀቱ ላይ አይፈርምም፣ ዘፍኖተ ሰላም እንዳለው ለፍርድ ቤቱ ይፈለጋልና ሹፌሩ ያለ እሱ ፊርማ ችሎት ይቀርባል። ነገ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፣ አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ፣ ሰላም አይባባሉም። አገሩም ይህን ይልመደው።

የቢቡኝ ልጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40)

ይከብዳል፣ ግን እቀበለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ልጁ እምቢ ሲል የአጎቱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ «በእኔ ስም እጅህን እንዳታነሳ» ብሎ ያስምለው። በራሱ ፊት፣ በራሱ ቤት። ያን መሐላ የሚያስምለው እሱ ይሁን፣ ቄሱ አይደለም።

ደጀን በር (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ይህን አያለሁ። ትኬት እቆርጣለሁ።

የመንቆረሩ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡00)

ወገኖቼ፣ ዛሬ እንደገና ከመጀመሪያው ልጽፈው ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የምጽፈው የባጃጁን ማታ ነው፣ እህቱ የምታወራበትን። የብቸናዋ፣ እናቴ፣ እህቱን ልብስ ሰፊ አደረግኋት፣ ያን ማታ ለወንድሟ የሰፋችለትን ሱሪ ልታስለካው ወስዳው ሲመለሱ ነው። ሁለቱም እግር አለው ሱሪው። ካልወደዱት ይንገሩኝ።

ካሜራ ያዥ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ስለ ተዋናዩ እንነጋገር። ባለ ክራንቹ፣ አንተንም እፈልግሃለሁ፣ የብየዳ ቤቱን ትዕይንት ካንተ ጋር ብንጽፈው ደስ ይለኛል።

ባለ ክራንቹ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡25)

እሺ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ግን የምንገናኝበት ቦታ ምድር ቤት ይሁን።